የሰፈር ሌክ ግድብ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

እዚህ ጆርጂያ ሊልበርን፣ ስኔልቪል፣ ስቶን ማውንቴን ምናምን ቤት ከገዛን አበሾች ውስጥ ቀላል የማይባል ሰው ሳያውቀው የግድብ ባለቤት ሆኗል። ቤቱ ሲታይ ሪልተሩ "ሌክ አለው" ይላል፣ ዳክዬዎቹ ይታያሉ፣ ዶኩ ላይ ፎቶ ይነሳል፣ ይፈረማል። ያ ሌክ ግን እግዜር የሠራው አይደለም፣ አትላንታ ዙሪያ የተፈጥሮ ሐይቅ የለም ማለት ይቻላል፣ ድሮ አንድ ገበሬ ወይ አንድ ዴቨሎፐር ጅረቱን በአፈር ዘግቶ ያቆመው ውሃ ነው። ሌኩ የኤችኦኤው (የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማህበር) ከሆነ ግድቡም የኤችኦኤው ነው፣ ኤችኦኤው ማለት ደግሞ እኛው ነን። አሜሪካ ውስጥ ከተመዘገቡት ከ90,000 በላይ ግድቦች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የግል ናቸው፣ ስለዚህ ካውንቲው መጥቶ ያስተካክልልናል ብላችሁ የምትጠብቁ ካላችሁ አትጠብቁ።

እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። የሌክ ኮሚቴ ውስጥ ስላለሁ ኢንጂነሮቹ ሲመጡ ከኋላ ከኋላቸው እየሄድኩ እየጠየቅኩ የያዝኩትን ነው የምጽፈው፣ እናንተ ሰፈር ካልሠራ ኢንጂነራችሁን ስሙ።

ለመግባባት ያህል የግድቡን አካላት እንያዝ። ላዩ ላይ ወክ የምናደርግበት አናቱ ነው፣ ወደ ውሃው ያለው ፊቱ፣ ወደ ውጭ ያለው ሳር የለበሰው ጀርባው፣ ጀርባው ከሜዳው ጋር የሚገናኝበት እግሩ። ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚታየው የኮንክሪት ወይ የብረት ማማ ራይዘር ይባላል፣ ሌኩ ሲሞላ ትርፉ በራይዘሩ አፍ ይገባና በግድቡ ሆድ ውስጥ በተቀበረው ቱቦ አልፎ ከኋላ ይወጣል። ጎን ላይ ዝቅ ያለ ሰፊ ሳር የለበሰ መንገድ የሚመስል ነገር ካለ እሱ ኢመርጀንሲ ስፒልዌዩ ነው፣ ትልቅ ዝናብ ሲመጣ ብቻ ውሃ የሚሄድበት ማስተንፈሻ። ብዙ ሰው ባዶ ሜዳ መስሎት ጎል ተክሎበት ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ኳሱ ችግር የለውም፣ ጎሉ ግን መረቡ ቆሻሻ ይዞ ውሃውን ስለሚዘጋ ይነሳ።

አንድ ነገር ያዙልኝ። የአፈር ግድብ ሁሉ ትንሽ ያሰርጋል፣ ኖርማል ነው። መጠየቅ ያለበት ውሃው ብቻውን ነው የሚወጣው ወይስ አፈር ይዞ ነው የሚለው ነው። ከታች የምጽፈው አብዛኛው ነገር ዞሮ ዞሮ እዚች ጥያቄ ላይ ነው የሚመጣው።

ይሄን ካያችሁ ማንበቡን ትታችሁ 911 ደውሉ

ከጀርባው ወይ ከእግሩ ድፍርስ ውሃ እየፈሰሰ ከሆነ፣ ከራይዘሩ ራቅ ብሎ ሌኩ ላይ አዙሪት ከታየ፣ ውሃው በግድቡ አናት ላይ ማለፍ ከጀመረ፣ ወይ የጀርባው አፈር ተንሸራቶ እየወረደ ከሆነ ይደወላል። መጀመሪያ 911፣ ቀጥሎ ከግድቡ በታች ያሉት ቤቶች፣ ከዛ የግድቦችን ደህንነት የሚቆጣጠረው የስቴቱ ሴፍ ዳምስ ፕሮግራም፣ ከዛ ኢንጂነራችሁ። የኤችኦኤ ፕሬዚዳንቱ ፈቃድ አይጠየቅም፣ ስብሰባም አይጠራም። ማንም ሰው ቪዲዮ ልቅረጽ ብሎ ግድቡ አናት ላይ እንዳይቆም። እነዚህ ስልኮች በወረቀት ተጽፈው በየቤቱ ፍሪጅ ላይ ቢለጠፉ ጥሩ ነው፣ ግሩፕ ቴክስት ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ማንም አያነበውም።

ማጋነን እንዳይመስላችሁ። በፈረንጅ ኖቬምበር 6 ቀን 1977 ሌሊት፣ እዚሁ ጆርጂያ ሰሜን ምስራቅ ቶኮዋ የምትባል ከተማ፣ ኬሊ ባርንስ የሚባለው ግድብ ፈርሶ ከስሩ ያለ የባይብል ኮሌጅ ላይ ወርዶ 39 ሰው ገደለ። ግድቡ ድሮ ለመብራት ነበር የተሠራው፣ ከ1957 በኋላ ግን ሥራው መዝናኛ ብቻ ነበር፣ ልክ እንደኛዎቹ። መርማሪዎቹ ይሄ ነው ብለው አንድ ምክንያት ነጥለው አላወጡም፣ በጣም ቀጥ ያለው ጀርባ መንሸራተቱና ውሃው አፈሩን ከውስጥ መሸርሸሩ ተደራርበው ሳይሆን አይቀርም ነው ያሉት። በዓመቱ በ1978 ጆርጂያ የሴፍ ዳምስ ህግ አወጣች። በህጉ መሠረት ግድባችሁ ቢፈርስ ሰው ሊሞት ይችላል ከተባለ ካታጎሪ 1 ነው፣ ቁጥጥሩም ጥገናውም ይጠብቃል። እና ልብ በሉ፣ ግድቡ ምንም ሳይነካ ከስሩ አዲስ ቤት ስለተሠራ ብቻ ሰው አይሞትም ተብሎ ካታጎሪ 2 የነበረው 1 ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ከናንተ በታች መሬት ሲሸጥ የሚመለከተን አይደለም አትበሉ።

የግድቡ እግር ረጥቧል፣ ፊላ አብቅሏል

ዙሪያው በሰመር ደርቆ አንድ ቦታ ብቻ ሳሩ ከለመለመ፣ ሳር የሚያጭደው ልጅ ማሽኑ እዛ ጋ ከሰመጠበት፣ ፊላ ወይ ጨፌ ከበቀለ፣ ሌኩ በዛ በኩል እየሰረገ ነው። ምክንያቱ ወይ ግድቡ ሲሠራ ከስሩ የነበረው ልቅ አፈርና የዛፍ ስር በደንብ አልተነሳም፣ ወይ ውስጡ ማጣሪያ አልተሠራለትም (የድሮዎቹ አብዛኞቹ የላቸውም)፣ ወይ ደግሞ ውሃው በቱቦው ውጪ ተጠግቶ መንገድ አግኝቷል። የመጨረሻው ከሁሉም ይብሳል።

መፍትሄው ከመለካት ይጀምራል። ባዶ የማዮኔዝ ጠርሙስ አጥባችሁ ውሰዱ፣ ጭቃውን ሳትረብሹ ውሃው ከሚወጣበት አፍ ላይ ሙሉት፣ ከድናችሁ ማታ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ጠዋት ሳታነሱት ጎንበስ ብላችሁ ታቹን እዩ። ጸጉር የምታህል ቀይ ወይ ግራጫ መስመር ከተኛች አፈር እየወጣ ነው፣ የዛኑ ቀን ለኢንጂነር ይደወላል። ታቹ ንጹህ ከሆነ ተመስገን፣ ግን አላበቃም፣ በባልዲና በስልካችሁ ስቶፕዋች አንድ ጋሎን በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ለኩና የሌኩን ከፍታና የዝናቡን ሁኔታ አብራችሁ ጻፉ። ሌኩ ሳይጨምር የሚወጣው ውሃ ከጨመረ ውስጥ የሆነ ነገር እየሰፋ ነው ማለት ነው፣ ንጹህም ቢሆን። ሌላ ሰው የማይጠረጥረው ደግሞ አለ፣ ድሮ ይፈስ የነበረ የእግር ስር ድሬይን (የሰረገውን ውሃ የሚያወጣው ቱቦ) ድንገት ካቆመ ደስ እንዳይላችሁ፣ ማጣሪያው ተደፍኖ ውሃው ሌላ መውጫ እየፈለገ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ጋ ሰውን በከንቱ የሚያስደነግጥ ነገርም አለ። ብርቱካናማ ዝልግልግ ነገር ላዩ ላይ የዘይት ሽፋን የመሰለ ቀለም ያለው ታገኛላችሁ፣ እኛ ሰፈር አንድ ጋሼ አይተው "መኪና ዘይት ደፉብን" ብለው ቤት ለቤት ሲዞሩ ነበር። በእንጨት ንኩት፣ ሽፋኑ እንደ መስታወት ተሰባብሮ ከቀረ የብረት ባክቴሪያ ነው፣ ተመልሶ ከገጠመ ግን እውነት ዘይት ነው። ባክቴሪያው በራሱ ጉዳት የለውም፣ ሲበዛ ግን ድሬይኑን ይደፍናል።

የማይደረገው፦ የሚወጣበትን ቀዳዳ ከኋላ በሲሚንቶ ወይ በሸክላ አፈር መድፈን። ውሃው አይቆምም፣ ግፊቱ ውስጥ ይጠራቀምና ባላያችሁት ቦታ ይፈነዳል። ትክክለኛው ውሃው እንዲወጣ አፈሩ እንዲቀር ማድረግ ነው፣ ስሙ ፊልተር ነው፣ መጀመሪያ አሸዋ፣ በላዩ ደቃቅ ጠጠር፣ በላዩ ወፈር ያለ ጠጠር፣ መጠኑን ኢንጂነሩ ይወስናል። እግሩ ጋ አሸዋ እንደሚፈላ ሽሮ ቡልቅ ቡልቅ ካለ ደግሞ 911 ከተደወለ በኋላ ባለሙያ እስኪደርስ ዙሪያውን የአሸዋ ከረጢት እንደ ቀለበት ይደረደራል፣ ቀለበቱ ውስጥ ውሃው ከፍ ሲል ግፊቱን ይመልሳል፣ የሚወጣው ንጹህ ሲሆን ከፍ ማድረጉን ታቆማላችሁ። ሙሉ በሙሉ ልዝጋው እንዳትሉ። እና ይሄን የሚሠራው ሰው መሬቱ ጠንካራ ከሆነ ብቻ ነው፣ ካልሆነ ከዛ አካባቢ ዞር በሉ።

ከቱቦው በላይ ጉድጓድ ተፈጠረ

አናቱ ላይ ወይ ጀርባው ላይ ድንገት ክብ ጉድጓድ ወይ ሰርጎድ ያለ ቦታ ካያችሁ፣ መጀመሪያ ቱቦው በየት በኩል እንደሚያልፍ አስቡ። ከራይዘሩ እስከ መውጫው በዓይናችሁ መስመር ስትስሉ ጉድጓዱ መስመሩ ላይ ከዋለ ነገሩ ግልጽ ነው፣ ቱቦው ተበልቷል።

የድሮ ሌኮች ቱቦ አብዛኛው የተሸበሸበ የዚንክ ቆርቆሮ ነው፣ ዕድሜው እንደ ውሃውና እንደ አፈሩ ቢለያይም ከ25 እስከ 50 ዓመት ነው የሚባለው፣ በፈረንጅ በ60ዎቹና 70ዎቹ ከተቀበረ ሂሳቡን እናንተው ሥሩት። ታቹ መጀመሪያ ይበላል፣ ወይ መገጣጠሚያው ይላቀቃል፣ ከዛ ዝናብ በዘነበ ቁጥር የግድቡ አፈር በቀዳዳው እየገባ ከውሃው ጋር ይሄዳል። ላይ ያለው ሳር ለወራት ምንም አያሳይም፣ ስሩ ባዶ ሆኖ ቆይቶ አንድ ቀን ዝቅ ይላል። ቀድሞ የሚታይበት ቦታ መውጫው ነው፣ ሌላው ጅረት ጠርቶ የናንተ ቱቦ ብቻ ቀይ ውሃ የሚተፋ ከሆነ ወይ ቱቦው አፍ ስር አዲስ የአፈር ክምር ካለ ጠርጥሩ። ከዝናብ በኋላ በባትሪ ወደ ውስጥ ማየት ይቻላል፣ ከጎን ወይ ከጣሪያው ውሃ ሲረጭ ይታያል። በባትሪ አይታችሁ ተመለሱ እንጂ ማንም እንዳይገባ፣ ልጅ አትላኩ፣ አየር የለም፣ መርዛማ ጋዝ ሊኖር ይችላል፣ ቱቦውም ሊደረመስ ይችላል።

ሰዎች ምን ያደርጋሉ መሰላችሁ፣ አንድ ትራክ አፈር አምጥተው ጉድጓዱን ሞልተው ሳር ይዘሩበታል። በሚቀጥለው ክረምት ያ አፈርም ይሄዳል። አንዳንዱ ኮንክሪት ይደፋበታል፣ ይሄ ጭራሽ ይብሳል፣ ኮንክሪቱ ድልድይ ሆኖ ስሩ ያለውን ባዶ ይሸፍናል። መፍትሄው ቅደም ተከተል አለው፣ ሌኩን ቀስ ብሎ ማውረድ፣ ጉድጓዱን ማጠር፣ ቱቦው ውስጥ ካሜራ ማስገባት፣ ከዛ ኢንጂነሩ ይወስናል። ቱቦው ቅርጹን ካልለቀቀ ውስጡ የፕላስቲክ ቱቦ ይገባና በመሃሉ ያለው ክፍተት በግራውት (በቀጭን የሲሚንቶ ቡኮ) ይሞላል፣ ግድቡ አይቆፈርም፣ በንጽጽር ርካሽ ነው። ግን አዲሱ ቱቦ ስለሚጠብ ጎርፉን ይችላል ወይ የሚለው መሰላት አለበት። ቅርጹን ከለቀቀ ግድቡ ተቆፍሮ ቱቦው ይቀየራል፣ ይሄ ከአስር ሺዎች አልፎ መቶ ሺዎች ዶላር ሊገባ ይችላል፣ ስፔሻል አሰስመንት የሚባለው፣ ከመደበኛው ክፍያ ውጪ በየቤቱ የሚጣለው መዋጮ፣ የሚመጣው ያኔ ነው። በየዓመቱ ለጀልባ መሰለፊያና ለፋውንቴን መብራት ገንዘብ የሚያጸድቅ ቦርድ ለካሜራ ምርመራ ሲሆን ለምን እጁ እንደሚያጥር አይገባኝም።

ዝናቡ አቁሟል፣ ሌኩ ግን አይወርድም

ይሄ ዘጠና በመቶ የራይዘሩ አፍ ላይ ያለው ትራሽ ራክ፣ ማለትም ቆሻሻ የሚያስቀረው የብረት ፍርግርግ፣ ተደፍኖ ነው፣ ቅጠል፣ ቅርንጫፍ፣ ፕላስቲክ፣ ኳስ፣ አንዳንዴ የተበጠሰ የዶክ ቁራጭ። ቢቨር (በእንጨት ጅረት የሚገድበው እንስሳ) ካለ ደግሞ ሆን ብሎ ነው የሚደፍነው፣ የሚፈስ ውሃ ድምጽ ሲሰማ አርፎ አይተኛም።

ዝናብ ከመምጣቱ በፊት በጀልባ ሄዶ ማጽዳት ነው። በዝናቡ መሃል ራይዘሩ እየዋጠ እያለ ማንም እንዳይጠጋ፣ ሱፐርማን ነኝ የሚል የሰፈር ጎረምሳ አይጠፋም፣ ውሃው ይዞት ቢገባ ማንም አያወጣውም። ዓመቱን ሙሉም ቢሆን ራይዘሩ አካባቢ ዋና መከልከል አለበት፣ ቡይ ያለው ተንሳፋፊ ገመድ ዘርጉበት።

ሁለተኛው ምክንያት ኢመርጀንሲ ስፒልዌዩ መዘጋቱ ነው። አጥር፣ የእሳት እንጨት ክምር፣ ያደገ ቁጥቋጦ፣ አሳ እንዳይሄድብን ተብሎ የተዘረጋ መረብ። የአሳ መረብ ያለበት ሰፈር ካለ ዛሬ ይንቀለው። በ1889 ፔንስልቬንያ ውስጥ ሳውዝ ፎርክ የሚባል የአፈር ግድብ ነበር፣ ባለቤቱ እነ አንድሩ ካርኔጊ፣ እነ ሄንሪ ክሌይ ፍሪክ አባል የነበሩበት የሃብታሞች የአሳና የአደን ክለብ። ከስር የነበሩት ማፍሰሻ ቱቦዎች በፊት በነበረው ባለቤት ተነቅለው ተሽጠው ነበር፣ ክለቡ አልመለሳቸውም። ሠረገላ ይለፍበት ተብሎ አናቱ ዝቅ ተደርጓል። አሳ እንዳይወጣ ማስተንፈሻው ላይ ወንፊት ተተክሏል። ሜይ 31 ትልቅ ዝናብ መጣ፣ ወንፊቱ በቆሻሻ ተደፈነ፣ ውሃውን የሚያወርዱበት ቱቦ የለም፣ ውሃው በአናቱ አለፈና ግድቡ ሄደ፣ ከታች ያለችው ጆንስታውን ከተማ 2,209 ሰው ሞተ። ሦስቱንም ነገር በትንሽ በትንሹ እዚህ ሰፈር ለሰፈር ሲደረግ ታያላችሁ፣ ለጎልፍ ካርት ይመች ተብሎ አናቱ የተዳመጠ ግድብ አለ።

አናቱ ዝቅ ያለ ቦታ ካለው በሰርቬየር አስለክታችሁ በሚጠቀጠቅ ሸክላ አፈር ሙሉት። ውሃ በአናት ሲያልፍ መጀመሪያ የሚሄደው በዛች ዝቅ ባለች ቦታ ነው።

ግድቡ ላይ ዛፍ አድጓል

"ስሩ አፈሩን ይይዝልናል" የሚል ሰው በየስብሰባው አለ፣ ተራራ ላይ ልክ ነው፣ ግድብ ላይ አይሠራም። ንፋስ ዛፉን ከነስሩ ሲጥለው ግማሽ ግድብ አብሮት ይነሳል፣ ዛፉ ቆሞ ቢደርቅም ስሩ በስብሶ ከፊት እስከ ጀርባ ክፍት መንገድ ይተዋል።

ግንዱ ከ4 ኢንች በታች የሆነውን ቁረጡት። ከዛ በላይ የሆነውን ኢንጂነር ሳይጠየቅ ቆርጣችሁ አትሂዱ፣ ስሩ ተነቅሎ ቦታው በተጠቀጠቀ አፈር መሞላት አለበት፣ ይሄ ሲሠራም ሌኩ ዝቅ ሊል ይገባል። ከእግሩ አልፎም ወደ 25 ጫማ ያህል ዛፍ ባይኖር ጥሩ ነው። ግድቡ ላይ የሚፈለገው አጭር ሳር ብቻ ነው፣ አጭር መሆኑም ለውበት አይደለም፣ ስንጥቁም ጉድጓዱም እርጥበቱም የሚታየው ሳሩ ሲታጨድ ነው።

ስንጥቅ

ስንጥቅ ስታዩ አቅጣጫውን እዩ። በደረቅ ሰመር ቀይ ሸክላው ሲሰነጣጠቅ እንደ መረብ የሆነ ጥልቀት የሌለው ነገር ይታያል፣ ዝናብ ሲመጣ ይዘጋል፣ አያሳስብም። በግድቡ ርዝመት የሄደ፣ በተለይ አንዱ ጎን ከሌላው ዝቅ ያለ ከሆነ፣ ያ ጎን ሊንሸራተት ነው። አናቱን አቋርጦ ከውሃው ወደ ጀርባው የሄደ ደግሞ ለውሃው መንገድ ስለሚሆን ቀን አይሰጠውም።

በሁለቱም በኩል ችካል ተክላችሁ መሃሉን በሜትር ለኩ፣ በየቀኑ ጻፉ፣ ዝናብ እንዳይገባበት በፕላስቲክ ሸፍኑት፣ ኢንጂነር ጥሩ። ሌኩን አውርዱ ከተባለ ቀስ ብላችሁ፣ በቀን ከአንድ ጫማ ያልበለጠ ነው በተለምዶ የሚባለው። ቶሎ ካወረዳችሁት ፊቱ ላይ ያለው አፈር ውሃ እንደጠጣ ደጋፊ አጥቶ ወደ ሌኩ ይንሸራተታል። አደጋው ደርሶ ከሆነ ግን ይሄ ህግ አይሠራም፣ ኢንጂነሩ ያለውን አድርጉ።

እንስሳ ቆፍሯል

መስክራት (ውሃ ውስጥ የሚኖር አይጥ መሳይ) ከውሃው በኩል፣ ግራውንድሆግ (መሬት የሚቆፍር ወፍራም እንስሳ) ከጀርባው በኩል ይቆፍራል፣ ሁለቱ ከተገናኙ ግድቡ ላይ ቱቦ ተሠራ ማለት ነው። እንስሳው በባለሙያ ከተያዘ በኋላ ጉድጓዱ ዘጠኝ እጅ አፈር ባንድ እጅ ሲሚንቶ በውሃ ቀጥኖ በቱቦ ይሞላበታል፣ በአካፋ አፈር መወርወር እስከ ውስጥ አይደርስም። መስክራት እንዳይመለስ የውሃው ጠርዝ ድንጋይ ይልበስ።

ማፍሰሻ ቫልቩ አልከፍት አለ

ከላይ ሌኩን አውርዱ እያልኩ የጻፍኩት ሁሉ ይሄ ሌኩን ከታች የሚያፈሰው ቫልቭ ከሠራ ነው። ብዙ ሰፈር ሄዳችሁ ቫልቩ የት ነው ብትሉ የሚመልስላችሁ የለም፣ ያወቀም ካለ "ድሮ ዝጓል" ይላል። ምክንያቱ አለመነካቱ ነው፣ ዝገትና ደለል ነው። በዓመት አንዴ በቀስታ ተከፍቶ ይዘጋ። ለአሥር ዓመት ያልተነካ ከሆነ ግን ዝም ብላችሁ በትልቅ መፍቻ እንዳትታገሉት፣ ዘንጉ ሊሰበር ይችላል፣ ወይ ተከፍቶ አልዘጋ ብሎ ሌኩ በሙሉ ሊሄድ ይችላል፣ ጠላቂ ይታይ። እስከዛ ድረስ ሲፎን፣ ማለትም በአናቱ ላይ የሚያልፍ ቱቦ፣ ወይ ፓምፕ ማዘጋጀት ይቻላል። ስትከፍቱም ከታች ያሉትን አሳውቁ፣ መጀመሪያ የሚወጣው ጥቁር ጭቃ ነው፣ የሰው ጅረት ካበላሻችሁ ቅጣት አለው።

ቫልቩ የተገናኘበት ቦታም ይታይ። ኮሎራዶ ውስጥ ሎን ሌክ የሚባል በ1903 የተሠራ የአፈር ግድብ በ1982 ጁላይ 15 ፈርሶ 3 ሰው ሞቷል፣ መነሻው ቱቦውና ቫልቩ የተያያዙበት የእርሳስ መያዣ አርጅቶ ውሃ ማሳለፉ ነው ተብሏል።

ዳርቻው እየተበላ ነው

የጀልባ ማዕበልና ንፋስ ነው። ፍጥነት ቀንሱ፣ ግድቡ ፊት ላይ መጀመሪያ ጂኦቴክስታይል ጨርቅ ከዛ ሹል ሹል ትልልቅ ድንጋይ አልብሱ። የወንዝ ክብ ድንጋይ ያምራል ግን ይንከባለላል።

ሌኩ እየቀነሰ ነው፣ ግን የሚፈስበት አይታይም

ከመደናገጣችሁ በፊት ትነት ይሁን ሌላ ለዩ። ባልዲ የሌኩን ውሃ ግማሽ ሙሉና ዶኩ ደረጃ ላይ ከፊሉ ውሃ ውስጥ እንዲሆን አስቀምጡት፣ ውስጡ የውሃውን ከፍታ፣ ውጪው የሌኩን ከፍታ በማርከር ምልክት አድርጉ። ዝናብ የሌለበትን ጥቂት ቀን ጠብቁና እዩ። ሁለቱም እኩል ከወረዱ ጸሐይ ነው የጠጣው፣ ዝም በሉ። ሌኩ ከባልዲው በላይ ከወረደ የሆነ ቦታ እየሄደ ነው። ያኔ መውጫ ቱቦውን እዩ፣ ውሃው ከራይዘሩ አፍ በታች ሆኖ ሳለ ከኋላ የሚፈስ ካለ ወይ ቫልቩ አልገጠመም ወይ ራይዘሩ ተሰንጥቋል፣ ይሄ ከግድቡ መስረግ ይሻላል፣ ይጠገናል። ቱቦው ደረቅ ከሆነ ግን ወደ እግሩ ሂዱና ከላይ ያለውን የጠርሙስ ሥራ ጀምሩ።

መግቢያው ጋ ጭቃ ሞልቷል

ከላይ ኮንስትራክሽን ካለ ደለሉ ወደናንተ ነው። የጎንደርን አንገረብ ያየ ሰው ደለል ምን እንደሚያደርግ አይጠይቅም፣ ለከተማ መጠጥ የተሠራ ግድብ ነው ከላይ ባለው መሬት አፈር የተሞላው። እዚህ ያለው ጥሩ ነገር ኮንስትራክሽኑ ሲልት ፌንስ (አፈር የሚያስቀር የጨርቅ አጥር) የማድረግ ግዴታ አለበት፣ ፌንሱ ወድቆ ካያችሁ ፎቶ አንስታችሁ ለካውንቲው ላኩ፣ በሚቀጥለው ዝናብ ሳይሆን ዛሬ። የገባውን ማውጣት ውድ ነው፣ ፈቃድም ሊጠይቅ ይችላል። የሚሻለው ጅረቱ ከሚገባበት ላይ ትንሽ የደለል ማረፊያ ገንዳ ሠርቶ እሷን ብቻ በየጥቂት ዓመቱ መጥረግ ነው።

ውሃው አረንጓዴ ሆነ፣ አሳው ሞተ

ስብሰባ ላይ ሰው የሚጮኸው ለዚህ ነው፣ ለግድቡ አንድም ሰው አይጮህም፣ ያው ይጻፍ። አረንጓዴው የሚመጣው ከሳራችን ማዳበሪያና ለዳክዬ ከሚጣለው ዳቦ ነው፣ ከውሃው ጠርዝ ራቅ ብሎ ማዳበሪያ አለመጣልና ጠርዙ ላይ (ግድቡ ላይ ሳይሆን) ያልታጨደ ሳር መተው ያግዛል። ላዩ ላይ ቀለም የተደፋበት የሚመስል ሰማያዊ አረንጓዴ ነገር ካለ ውሻም ልጅም አታስገቡ፣ መርዝ ያለው ዓይነት ሊሆን ይችላል።

አሳ በሞቃት ሰመር ንጋት ላይ አፉን አውጥቶ ሲያዛጋ ካያችሁት ኦክስጅን አጥሮታል፣ ማታ አረንጓዴው ራሱ ኦክስጅን ይጠቀማል፣ ዳመናማ ቀናት ሲደራረቡ ይብሳል። ኤሬተር (ውሃው ውስጥ አየር የሚያስገባ ማሽን) ያስፈልጋል፣ ማታ ማታ የሚሠራ። አልጌ ማጥፊያ መድሃኒት ሌኩን በሙሉ ባንዴ መርጨት ደግሞ አሳውን የመግደያ ዋና መንገድ ነው፣ የሞተው አልጌ ሲበሰብስ የቀረውን ኦክስጅን ይጨርሳል፣ ሲሶ ሲሶውን ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ልዩነት ይረጫል። አረሙን የሚበላ ግራስ ካርፕ ማስገባት ይቻላል፣ የማይራባው ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ።

የሞተውን አሳ ቶሎ ሰብስባችሁ አውጡ፣ ሽታው ብቻ አይደለም ችግሩ፣ ተንሳፎ ሄዶ ትራሽ ራኩ ላይ ነው የሚከመረው።